ከአጥር የመጡ እንግዶች

እስስት እፈራ ነበር። መራዊ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ቢናገር የሚገርመው የለም፤ አብዛኞቻችን እንዲያው ነን። እባብ ያየ ዱላ ይፈልጋል፣ እስስት ያየ ደግሞ ወይ ድንጋይ ያነሳል ወይ እጁን ሰብስቦ ያልፋል። ልጆች ሳለን አጥር ላይ ስናገኛት አንድ ዓይኗ ወደ እኛ፣ ሌላው ወደ ኋላዋ ሲዞር ያስደነግጠን ነበር። ከመሐላችን “አትንኳት፣ መርዟ ያሳብጣል” የሚል ታላቅ ልጅ አይጠፋም። እስስት ሰው የሚጎዳ መርዝ የላትም። ትንሿ እስስት ብትነክስም መቆንጠጥ ያህል ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ፣ ቤት ልሠራላት በተነሳሁ ጊዜ ነው።

በግንቦት መጨረሻ ጎረቤታችን የኋላ አጥራቸውን አስቆረጡ። ስሚዛና ቅንጭብ የተጠላለፈበት፣ መሐል መሐሉን ግራዋ የበቀለበት፣ በዕድሜ ከእኔ የማያንስ አጥር ነበር። ከተማችን እያደገች ነው። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ አዲስ ቤት ሳይቆም የሚያልፍ ዓመት የለም፤ የአዲስ ቤት አጥር ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ሌባ ይከለክላል፣ ቦታ አይፈጅም፣ ከርክሙኝ አይልም። እኔም ለዚያው ለቆርቆሮ ብር እያጠራቀምኩ ነበርና በጎረቤቴ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር አልነበረም። ሠራተኞቹ በገጀራ የጣሉትን ቅርንጫፍ የሰፈር ልጆች ለማገዶ ሲጎትቱ የእህቴ ልጅ እየሮጠ መጣ። “አጎቴ፣ ሁለት እስስቶች አሉ፤ ሊገድሏቸው ነው!” አለኝ።

ጭራቸው ሳይቆጠር ሁለቱም ከመሐል ጣቴ አይበልጡም። የአንደኛዋን የኋላ እግር የወደቀ ግንድ ጨፍልቆታል። የሌላዋ ዓይን ላይ የተቆረጠው ቅንጭብ ወተት ፈሶበት ጨፍናዋለች፤ የቅንጭብ ወተት የሰውንም ዓይን እንደሚያቃጥል የማያውቅ እረኛ የለም። በእጄ ልይዛቸው ስላልደፈርኩ የጨበጡትን ቅርንጫፍ ራሱን ቆርጬ ይዤ ገባሁ። ደግም አደረግሁ፤ እስስት የያዘችውን አጥብቃ ስለምትይዝ መንጭቆ የሚያላቅቃት ሰው እግሯን ይጎዳዋል። የእንስሳት ሐኪም የሆነ ወዳጄ በስልክ “ዓይኗን በንጹሕ ውሃ እያጠብክ ተዋት። የእግሯን ነገር እርሷ ታውቅበታለች፤ አንተ ብቻ ሳትባረር የምትቀመጥበት ቦታ ስጣት” አለኝ።

እዚህ ላይ ሕጉን ማንሳት ይገባል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳ አጠቃቀምን በፈቃድ ያሰረ ነው። እስስቶች በዱር እንስሳት ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ የተደረገው ስምምነት፣ ሳይተስ የሚባለው፣ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጣጠራቸው ፍጥረቶች ናቸው፤ ኢትዮጵያም በ1989 እ.ኤ.አ. የስምምነቱ አባል ሆናለች። ስለዚህ ለልጆቹም ለራሴም በመጀመሪያው ማታ የነገርኩት አንድ ነገር ነበር፤ እነዚህ እንግዶች ናቸው፣ ሲሻላቸው ይሄዳሉ። ሲነገር ቀላል ነበር።

መራዊ ውስጥ እንጨት አይቸግርም። የሜጫ ገበሬ እህል ይዘራበት ከነበረው ማሳ ስንቱን ባሕር ዛፍ እንደተከለበት መንገደኛ ሁሉ ከመኪና መስኮት ሆኖ የሚያየው ነው። እኔ የፈለግሁት ግን የደረቀ ሞራሌ ነው፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ የተጣመመ በርም ክፍተት ይተዋል። ለአናጢው ልኩን ስነግረው “የዶሮ ነው የርግብ?” አለኝ። የእስስት መሆኑን ስነግረው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ አየኝ። “እስስት ደግሞ ቤት አጥታ ነው?”

አዎ፣ ቤት አጥታ ነው።

የዶሮ ቤት ወደ ጎን ይሰፋል፣ የእስስት ቤት ወደ ላይ ይረዝማል። እስስት የምትኖረው በመውጣትና በመውረድ ነው። ጧት ወደ ፀሐይ ትወጣለች፣ ሲሞቃት ወደ ቅጠሉ ጥላ ትወርዳለች፣ ማታ ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ተጠቅልላ ትተኛለች። ሰው አጎንብሶ ሲያያትም ትፈራለች፤ ለእርሷ ከላይ የሚመጣ ሁሉ ጭልፊት ነው። ስለዚህ ቤቱ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ቁመት ኖሮት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በአራት እግር የሚቆም ሆነ። እግሮቹን በረንዳው ጥግ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ የጧት ፀሐይ በሚያገኘው በኩል አቆምናቸውና ዙሪያቸውን አመድ አፈሰስንባቸው። ቀፎ ያለው ሰው ምክንያቱን ያውቃል። በክረምት ጉንዳን ከተነሳ የታሰረ ነገር ማምለጫ የለውም።

የግድግዳው ነገር ነው የከበደኝ። መስታወት ለእስስት አይሆንም። አየሩ ይታፈናል፣ እርጥበቱ ተጠራቅሞ ሳንባዋን ያሳምማታል፣ በዚያ ላይ የራሷን መልክ እያየች ጠላት መጣ ብላ ስትነፋ ትውላለች። ሌላም ችግር አለ። እስስት ከምግቧ የምታገኘውን ካልሲየም አጥንት ለማድረግ የምትጠቀምበትን ቫይታሚን ዲ የሚያስገኝላት የፀሐይ ጨረር በመስታወት አያልፍም። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ እስስት የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን ጨረር የሚሰጥ ልዩ አምፖል እየገዙ፣ ኃይሉ ሲደክም እየቀየሩ ይኖራሉ። ያ አምፖል የጎደላት እስስት አጥንቷ ይለሰልሳል፣ እግሯ ይጎብጣል። ሁለት ሺህ ሜትር ሊሞላ ትንሽ በቀረው በመራዊ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ከበቂም በላይ ነው፤ የሚያስፈልገው አለመከለል ብቻ ነው።

ባለቤቴ “ታዲያ አጎበር አናለብሰውም?” አለች። ሜጫ የወባ አገር ስለሆነ አጎበር የሌለው ቤት የለም፤ ያረጀውም ለችግኝና ለዶሮ ጫጩት መሸፈኛ ይሆናል። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያቆመኝ ያቺው አጎበር የተሠራችበትን ምክንያት ማስታወሴ ነው። ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር ክሩ ራሱ መድኃኒት የጠጣ ነው፤ ትንኝ ያረፈችበት እንድትሞት ተብሎ። የእስስት ቀለብ ዝንብና ፌንጣ ነው። በግድግዳው የሚሞተውን ከውስጥ እያስገባሁ፣ መድኃኒት የነካውን ነፍሳት እያጎረስኳት ቤት ሠራሁ ልል ነው ማለት ነው። ለመስኮት የሚሆነውን ተራ ወንፊት ሽቦ ገዛን። የተቆረጠ ጫፉን ወደ ውጭ አጥፈን በቀጭን ጣውላ መታንበት፤ ውስጥ የቀረ የሽቦ እሾህ ጣቶቿን እንዳይቆርጥ።

መሐሉን ደግሞ በሰሌን ለሁለት ከፈልነው። ይህን ያስተማሩኝ እነርሱው ናቸው። ቤቱ እስኪያልቅ በጊዜያዊ ሣጥን ውስጥ አንድ ላይ አስቀምጠናቸው ሳለ፣ ዓይኗን ያመማት ጠቁራ፣ ጎኗን ነፍታ፣ አፏን ከፍታ ስትወዛወዝ አየን። ልጆቹ ታመመች ብለው አለቀሱ። እስስት ለብቻዋ የምትኖር ፍጥረት ናት፤ ሌላ እስስት ከፊቷ ዘወትር መኖሩ ብቻውን ያስጨንቃታል። ሰሌኑ በመካከላቸው እንደገባ ጥቁረቱ ከላይዋ ላይ ቀስ እያለ ለቀቀና አረንጓዴዋ ተመለሰ። እኛ ሰዎች እስስት የቆመችበትን ነገር መልክ ትይዛለች እያልን ነው ያደግነው። ቀለሟ ግን ከሁሉ በላይ የሚናገረው የልቧን ነው፤ ቁጣዋን፣ ፍርሃቷን፣ መብረዷን። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካርን እስስት ቆዳ መርምረው፣ ከቀለሙ ሥር ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች መኖራቸውንና እስስቷ ስትቆጣ በመካከላቸው ያለው ርቀት እየሰፋ የሚያንጸባርቁት ብርሃን እንደሚቀየር አሳይተዋል። ያን ሳነብ ዘወትር የማስበው ያቺን በሣጥን ውስጥ የጠቆረችውን ነው። ጩኸት ለሌላት ፍጥረት ያ ጩኸቷ ነበር።

የውሃው ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል።

በንጹሕ ክዳን ውሃ ሞልተን አስቀምጠንላቸዋል። ዓይኗን ያመማት ከክዳኑ በላይ ባለው ዘንግ ላይ ተቀምጣ ውላ ታድራለች፤ አንድ ጊዜም ጎንበስ አላለችም። ዓይኗ ወደ ውስጥ ጎደጎደ፣ የጎኗ ቆዳ ታጠፈ። ውሃ ከአፍንጫዋ ሥር እያለ ጥማት ይገድላት ጀመር። እስስት የቆመ ውሃ አታውቅም። አያቶቿ ሁሉ የጠጡት ቅጠል ላይ ያረፈ ጤዛና የዝናብ ጠብታ ነው፤ የማይንቀሳቀስ፣ የማያብለጨልጭ ነገር ለእርሷ ውሃ አይደለም። ያን ማታ የሃይላንድ ጠርሙስ ታችዋን በመርፌ ወግቼ፣ ውሃ ሞልቼ፣ ከቤቱ ጣራ ላይ አንጠለጠልኳትና ክዳኗን ትንሽ አላላሁት። ጠብታው በስሚዛው ሰፊ ቅጠል ላይ ወድቆ ጫፉ ድረስ ተንሸራተተ፣ እዚያው ተንጠልጥሎ ቆየ፣ ወደ ታችኛው ቅጠል ወረደ።

ሁሉም ሰው ከቤት ገብቶ እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ ጤነኛው ዓይኗ ዞረ። ቀጥሎ አካሏ፤ በነፋስ እንደሚወዛወዝ ቅጠል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለች ሄደች። ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው እንደ ጉጠት የተከፈሉት ጣቶቿ ዘንጉን ሲለቁና ሲጨብጡ ይታዩኛል። ከቅጠሉ ጫፍ ስትደርስ ጠብታውን በከንፈሯ ነካችውና አፏን ከፈተች። ጉሮሮዋ ወረደ፣ ወጣ። ሌላ ጠብታ እስኪመጣ ጠበቀች፣ ጠጣች፤ እንደገና ጠበቀች። ስለቸኮለ ሰው የሚነገረውን ሁሉ ሰምቼ አድጌያለሁ፤ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። ጠርሙሷ እስክታልቅ አብሬያት ቆምኩ። ፍርሃቴ ከዚያ ሌሊት በኋላ የት እንደገባ አላውቅም።

ቀለቡ በአንጻሩ አላስቸገረንም። አንዲት ጎረቤታችን ጠላ ስለሚጠምቁ ከአተላቸው በጣሳ እንወስድና ከቤቱ ውስጥ እናኖራለን፤ ጥቃቅኖቹ ዝንቦች ሰዓት ሳይሞላ ይሰበሰቡበታል። ለትንሽ እስስት ደግሞ የሚያክላት እርሱው ነው። ከፍ ያለ ፌንጣ ልጆቹ ከግቢ ሣር ያመጣሉ። ከመስኖው ማሳ እንዳያመጡ ግን ከለከልኳቸው። ቆጋ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ግድብ ነው፤ ለአካባቢያችን ብዙ በረከት አምጥቷል፣ ነገር ግን ሽንኩርትና ቃሪያ ባለበት ማሳ ሁሉ የተባይ መድኃኒት ይረጫል። የእንቁላል ቅርፊትም አድርቀን እየፈጨን ፌንጣው ላይ እንነሰንስ ነበር፤ ለአጥንቷ።

ቤቱ እንዲህ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አንድ ቅዳሜ ወጪውን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ለወንፊቱ የከፈልኩት አየር ለማስገባት ነው። ጠርሙሷ የጤዛ ምትክ ናት። አተላው ዝንብ ይጠራል፣ ሰሌኑ አንዷን ከሌላዋ ይሸሽጋል፣ በጣሳ የተከልነው ስሚዛ ጥላ ይሰጣል፣ አመዱ ጉንዳን ይከለክላል። ቀና ስል ከፊቴ የኋላ አጥሬ ቆሟል። እኔ በብር እየገዛሁ፣ በምስማር እየመታሁ፣ በየማታው ውሃ እየሞላሁ የማቀርበውን ሁሉ ያ አጥር ማንም ሳያዘው ሲያደርገው ኖሯል። ሰው ሠራሽ ቤት መሥራት ማለት አጥሩን ቁራጭ በቁራጭ መቅዳት ነበር፤ የቀዳሁትም ከሩቡ አይበልጥም። በዚያው አጥር ሥር ተጫውቼ አድጌ፣ ልብሴን አስጥቼበት፣ በየዓመቱ ከርክሜው፣ ከእርሱ የማውቀው እሾሁንና ቅጠሉን ብቻ ነበር። ለቆርቆሮ የማጠራቅመው ብር ደግሞ ከትራሴ በታች ተቀምጧል።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እስከ ጎንደርና እስከ ጣና አካባቢ ተጉዞ ከአገራችን ብዙ እንስሳትን ሰብስቦ ሄዷል። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በየቁጥቋጦው የምትኖረውን ትንሿን እስስት በ1845 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የሰየማትም እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የባሌ ተራሮች ብቻ ሌላ ቦታ የሌሉ የእስስት ዓይነቶችን አስቆጥረዋል፤ አንደኛው ስም ያገኘው ገና በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ከባሌ ጫካ ይህ ሁሉ ከተገኘ፣ የእኛ አጥሮች ምን እንደያዙ ሳይታይ መቆረጣቸው ያሳስበኛል። ለገዳም ደንና ለጣና ደሴቶች የምንቆረቆር ሰዎች ብዙ ነን፤ ልክ ነው፤ ሆኖም ከደን ወደ ደን መሻገሪያው የየጓሮው አጥር መሆኑን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አልሰማሁም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የአንደኛዋ ዓይን ተከፍቷል። የሌላዋ እግር ደርቆ ቆልመም ቢልም በጭራዋ እየታገዘች ከላይ እስከ ታች ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ምላሷን ወርውራ ፌንጣ አትስትም። መሄጃቸው ደርሷል ማለት ነው። እኔ ግን ሰበብ አበዛሁ። አንድ ሳምንት ዝናቡን፣ ሌላ ሳምንት የጎረቤት ድመትን አነሳለሁ። እውነቱን ለመናገር ልለቃቸው አልፈለግሁም። ጧት ቡናዬን ይዤ እነርሱ ዘንድ መቀመጥ ለምጄ ነበር፤ ማንም የማይቸኩልበት ቦታ ሌላ አልነበረኝም። ባለቤቴ “እንግዶች ናቸው ያልከው አንተ ነህ” አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ወዴት እንደምንለቃቸው ልጆቹ ተከራከሩ። ታላቁ ጣና ዳር ይሻላል አለ፤ ጫካ አለ፣ ውሃ አለ። አይሆንም አልኩት። በ1972 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ውስጥ አንድ የእንስሳት ነጋዴ ከኬንያ ያስመጣቸውን ባለ ሦስት ቀንድ እስስቶች ከመንገድ ድካም እንዲያገግሙ ብሎ ግቢው ውስጥ ለቀቃቸው። እነርሱ ተበትነው ተዋለዱ፤ ዛሬ የደሴቶቹን ተወላጅ ቀንድ አውጣዎችና ነፍሳት እየበሉ የአገሩን ባለሙያዎች ያስጨንቃሉ። የዳነ እንስሳ የሚመለሰው ከመጣበት ነው። የመጡበት አጥር የለም፤ ከእርሱ ጋር ተያይዞ የነበረው የእኔ አጥር ግን አለ። ማታ ማታ በባትሪ ስፈልግ ሌሎች እስስቶች ነጣ ብለው ዘንግ ላይ ተኝተውበት ያየሁትም እርሱው ነው። ሁለቱን ተራርቀው በየፊናቸው፣ በያዙት ዘንግ እንዳሉ አስጠጋናቸው። እግሯ የቆለመመው ወዲያው ገባች። ሌላዋ በዘንጉና በግራዋው መካከል አንድ እግሯን አንስታ ብዙ ቆየች፤ ልጆቹ ለምሳ ሲጠሩ ትተናት ገባን።

የቆርቆሮውን ነገር በቤተሰብ ተነጋገርንበት። መንገድ ዳር ባለው በኩል ቆርቆሮ ይቆማል፤ ሁለት ጊዜ ተሰርቀናል፣ ባለቤቴም ማታ ብቻዋን ስትሆን ትሰጋለች፣ እውነት አላት። የቀሩት ሦስቱ ጎኖች በአጥርነታቸው ይቀጥላሉ። በጣሳ የነበሩትን የስሚዛ ቁርጥራጮች ሥር ሰደው አገኘናቸውና አጥሩ በሳሳበት በኩል ተከልናቸው። አጥራቸውን ወዳስቆረጡት ጎረቤታችንም ሄጄ ከቆርቆሯቸው ሥር በእኔ በኩል አንድ ረድፍ ስሚዛ ልትከል አልኳቸው። “ቅንጭብ ብቻ እንዳይሆን ልጄ፣ ለከብቱም ለሰውም ዓይን አይሆንም” አሉኝ። ቅንጭብ አልተከልኩም። ቤቱ አሁን በረንዳው ጥግ የበርበሬ ችግኝ ይዟል፤ አናጢው ባለፈ ቁጥር በሩ መጣመም አለመጣመሙን ቆም ብሎ ያየዋል።